ከጣት የራቀ ስለት

ባለፈው ጥቅምት ከወልድያ ወደ ላሊበላ ስመለስ፣ መኪና ለመቀየር ጋሸና ወረድሁ። አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ የሰፈሬን አናጢ አቶ ሰይፈ ሥላሴን አገኘኋቸው። ምሳቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ ሰይፈ፣ ደኅና ነዎት? ምን እግር ጣለዎት?»

«ሸሽቼ ነው፣ መምህር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የወንድሜ ልጅ ፅናት ዛሬ ያንን ማሽኗን ልታስነሣ ነው። ቆሜ ማየት አልቻልሁም።»

የፈሩትን አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኤሌክትሪክ መጋዝ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ወስዶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ መሮ አጥብቀው መያዝ ስላቃታቸው፣ በርና መስኮት ላይ ሐረግ መቅረጽ ትተዋል። ፅናት ደግሞ ከኮሌጅ ተመልሳ፣ ከአሮጌ ፕሪንተሮች በፈታቻቸው ሞተሮችና ራሷ በበየደችው ብረት፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ሠርታለች።

«ታዲያ ብቻዋን ትተዋት መምጣትዎ አይብስም?» ብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ሳይበሉ ተነሡ። ሚኒባሱ ውስጥ ደጋግመው ደወሉላት፤ ስልኳ ዝግ ነው።

ላሊበላ፣ ከሥራ ቤታቸው ስንደርስ ፅናት ደኅና ነበረች። መብራት ጠፍቶ ስልኳም ሞቶ፣ መብራቱ እስኪመጣ ስትጠብቅ ውላ፣ ገና አሁን መምጣቱ ነው።

«ልጄ፣ ተይው» አሏት። «ያን ቀን ደሜን በነጠላሽ ያቆምሽው አንቺ ነሽ፤ እንዴት ረሳሽው?»

«ጋሼ፣ ይህን የሠራሁት ስላልረሳሁት ነው። መጋዙ ላይ እንጨቱን የሚገፋው የሰው እጅ ነው። እዚህ ግን እንጨቱ ይታሰራል፤ ስለቱን የሚመራው ኮምፒዩተሩ ነው። እኔ በሩ ጋ እቆማለሁ።»

«ቢያብድስ? ብረት ምን ያውቃል?»

«ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ ነው ማጥፊያውን አርቄ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የገጠምሁት።»

«እሺ፣ አሳዪኝ» አሉ፤ ግራ እጇን ግን ጨብጠው አልለቀቁም።

ማሽኑ ሐረጉን ጥሩ አድርጎ ጀመረ። ግማሽ ሲደርስ በድንገት መስመሩን ስቶ፣ እንጨቱን እየፈለጠ ወደ ጠርዙ ከነፈ። ስብርባሪው ተስፈንጥሮ የማዶውን ግድግዳ መታ። ፅናት ማጥፊያውን ተጫነችው። ጋሼ ሰይፈ ሁለት እጆቿን ይዘው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሱ።

በክርክሩ የተረታች መሰለኝ። እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ተበላሸ፤ አንዱ ሽቦ ላልቶ ነው። ቀድሜ ማጥበቅ ነበረብኝ።»

«የተበላሸው እንጨት ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «የኔ መጋዝ መንገድ ሲስት እጄ እዚያው ነበር። ያንቺ እጅ ግን ይኸው፣ በእጄ ውስጥ ነው። በይ አጥብቂውና እንደገና አስነሺው።»

እኛ የተማርን ሰዎች አዲስ ነገር አይሳሳትም እያልን ሽማግሌዎችን ልናሳምን እንደክማለን። እሳቸውን ያሳመናቸው ግን ስሕተቱ ሰው አለመጉዳቱ ነው።

ዛሬ ጋሼ ሰይፈ በግራ እጃቸው ሐረግ ይነድፋሉ፤ ፅናት ወደ ኮምፒዩተሩ ታስገባዋለች። የአባቶቻቸው ንድፍ ከመጥፋት ተርፏል፤ አብሯቸው የሚሠራው ወልደ ኪዳንም ማታ ጣቶቹን ሳያጎድል ቤቱ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ብገባ፣ በማሽኑ ዙሪያ ወለሉ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ልብ ሳልል ላልፈው ስል ጋሼ ሰይፈ ክንዴን ያዙኝ።

«መምህር፣ እባክዎ እዚህ ይቁሙ። ይህን እኮ የተማረ ሰው ሊያውቀው ይገባል።»