ዕቃ ቤት ስለተያዘችው የቤት ተክል

የተጠርጣሪ ቃል

ስም፦ በመታወቂያው ላይ ያለው፤ በሰፈር መጠሪያ «አባባ ሽቦ»
ዕድሜ፦ 78
ሥራ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ (ጡረታ አልወጣሁም ብለዋል)
አድራሻ፦ ባለሦስት ፎቁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 9
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ፊደል ስላልቆጠርኩ፣ መርማሪው የተናገርኩትን እንዲጽፍ፣ እንዳያሳምርብኝም አስጠንቅቄ ቃሌን ሰጥቻለሁ።

የጎረቤት ወሬ በመሣሪያ ይጠልፋል ተብሎ የቀረበብኝ ጥቆማ ሐሰት ነው። ወሬ ብፈልግ ደረጃው ላይ መቀመጥ ይበቃኝ ነበር።

መሣሪያው የተገናኘው ከተክል ጋር ነው። ተክሏን በቀለም ባልዲ ተክላ ሳሎን መስኮት ሥር ያሳደገቻት ሟች ባለቤቴ ናት። «ታወራለች እኮ» ስትለኝ እስቅባት ነበር። ከሞተች በኋላ አንዱን ሽቦ ቅጠሏ ላይ፣ ሌላውን አፈሩ ውስጥ አድርጌ ከማጉያ ጋር በየድኩት። ተክል ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ ማጉያው ያንን ድምፅ ያደርገዋል። ውሃ ስትጠጣ ድምፁ ይረጋጋል፤ ቅጠሏ ሲነካ ይወፍራል። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ባለፈው ዓርብ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ ከሥሬ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች መጥታ በሬን ደበደበች። የስፌት መኪናዋን ስታስነሳ ስፒከሬ ትርርር ይላል፤ ስታቆም ይተዋል። ይህን ከታች ሆና ሰምታዋለች።

«አባባ፣ ቤቴን እያዳመጡ ነው አይደል? ከደንበኛ ጋር የማወራውንም ይሰማሉ ማለት ነው!» አለችኝ።

«ልጄ፣ የአንቺ ወሬ ማጉያ አያስፈልገውም፤ እንዲሁም ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል» አልኳት። ባልላት ይሻል ነበር። አልተጸጸትኩም። እሷም ወርዳ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች፤ መጥተውም ተክሏን ከነመሣሪያው ወሰዱብኝ።

ጥፋቴን አልደብቅም። ሽቦውን ሽፋን ሳላደርግለት ራቁቱን ስለተውኩት የመኪናዋን ሞተር ጩኸት ሳበ። ሃምሳ ዓመት ስጠግን ኖሬ የጀማሪ ስህተት ሠራሁ፤ ያሳፈረኝም እሱ ብቻ ነው። የሰው ንግግር ግን አይዝም።

ዛሬ መርማሪው ፊት መሣሪያውን ገጣጥሜ «በል ተናገርበት» አልኩት። ተናገረ፤ ከቃሉ አንድም አልወጣም። ቅጠሏን ሲነካት ድምፁ ወፈረ። እጁን ሰብስቦ «ኧረ ይቺስ ሰው ታውቃለች» አለ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ።

ተክሏ ግን ከዓርብ ጀምሮ መስኮት በሌለው የጣቢያው ዕቃ ቤት ያለ ውሃ ከርማ ሦስት ቅጠል ረግፎባታል። የዛሬው ድምፅዋ የተቆራረጠ ነው። መርማሪው «አባባ፣ አሻራዎን ሰጥተው ይሂዱ፤ ተክሏ እስከ ውሳኔ ትቆያለች» ብሎኛል። እሷ ሳትጠጣ ጣቴን ቀለም አላስነካም። እምቢ ካላችሁ እኔንም አብራችሁ ዕቃ ቤት መዝግቡኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ አዳምጬዋለሁ። ዓይኔ ማንበብ ባይችልም ጆሮዬን የሚያታልለው የለም፤ ያልኩት ሁሉ አለ፣ ያላልኩት አልገባም፣ እውነት ነው።

ቃል ሰጪው፦ የግራ አውራ ጣት አሻራ
መርማሪው፦ ፊርማ

ማስታወሻ፦ አሻራው የተወሰደው ከቀኑ 6፡15 ሰዓት ላይ፣ ተክሏ አንድ ጆግ ውሃ ከጠጣችና ወደ መርማሪው መስኮት ከተዛወረች በኋላ ነው።