ሐዲድ ፈታሹ የዘለሉት ቀጠሮ

ከሰመራ የመጣው አውቶቡስ ለምሳ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲቆም፣ ነርሷ ራኬብ ገና ከመውረዷ ጋሽ ውብሸትን አየቻቸው፤ ወገባቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዘግማሉ። የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ዓመት ሐዲድ የፈተሹ፣ ግትርነታቸውን ከተማው ሁሉ የሚያውቅላቸው ሰው። እሷን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ።

«የኔ ልጅ፣ እንኳን አገኘሁሽ። ሆዴንና ወገቤን ብርድ መትቶኝ፣ ልታሽ ወጌሻ ዘንድ እየሄድኩ ነው።»

«በዚህ ሐሩር ብርድ? ጋሼ፣ የቱቦው ምርመራስ?»

ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ዋናው የደም ቧንቧ አብጦ ሊፈነዳ ሲል፣ ሐኪሞች በብሽሽታቸው በኩል ከጨርቅና ከብረት የተሠራ ቱቦ አስገብተው አተረፏቸው። በየጊዜው ለምርመራ ይመለሱ ተብለው ነበር። እሳቸው ግን የቀጠሮ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

«ስለቴን አስገብቻለሁ» አሉ ቆጣ ብለው። «እግዜር የጨረሰውን ላስመርምር ብዬ ልሂድ? መጠራጠር አይሆንብኝም?»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስለቱን አስቀደሙ እንጂ የፈሩት ክፉ ወሬ መስማት ነበር።

«እግዜር የሰጠዎትን ዕድሜ መጠበቅ መጠራጠር አይደለም» አለች በትሕትና። «ቱቦው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። በጠርዙ ደም ሾልኮ ያበጠውን ቧንቧ እንደገና ሊወጥረው ይችላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሳያምም። እርስዎን ደግሞ ይኸው አሞዎታል። ይህን ሆድ ወጌሻ ይሸው?»

መንገዳቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ራኬብ ክንዳቸውን ያዘች።

«እስኪ ልጠይቅዎት። የአዋሽ ድልድይን ሐዲድ በየጠዋቱ ሲፈትሹ የኖሩት ተሰብሮ ነው?»

«ምን ሲደረግ ይሰበራል? በገዛ እጄ ያጠበቅኩትን!»

«ታዲያ ምን ያመላልስዎት ነበር?»

«ባቡር ሲመላለስበት ብሎን ይላላል» አሉ ጋሽ ውብሸት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በእርስዎ ቱቦ ደግሞ ደም ሌት ተቀን ይመላለስበታል፣ ጋሼ።»

ራኬብ አምቡላንስ ጠራች። አውቶቡሷ ጥሏት ሄደ፤ እሷ የሽማግሌውን እጅ አልለቀቀችም። ሆስፒታል ሲደርሱ የተፈራው ሆኖ ተገኘ፤ በቱቦው የላይኛው ጠርዝ ደም ይሾልክ ነበር። ሐኪሞቹ በዚያው በብሽሽት በኩል አጭር ተጨማሪ ቱቦ አስገብተው ደፈኑት። ጥቂት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ባልተረፉ ነበር።

ዛሬ ካርዱ ከሳጥን ወጥቶ፣ ሐዲድ ይፈትሹበት ከነበረው መዶሻ ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀኑ ሲደርስ የሚቀሰቅሳቸው አይፈልጉም፤ ምርመራው የሚላላውን ሳይፈታ፣ የሚሾልከውን ሳይፈነዳ እንደሚይዝላቸው በራሳቸው ሆድ አይተውታላ። ጎረቤት «ድነው የለም እንዴ፣ አሁን ምን ያመላልስዎታል?» ሲላቸው ይስቃሉ።

«የሚፈተሸውማ የዳነ ሰው ነው» ይላሉ። «የሞተ ምኑ ይፈተሻል?»