ጋቢና የገባው ከሰል

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በምትሄድ ላንድሮቨር ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ሲያወጋ ሰማሁ።

“ነዳጅ ለመቅዳት ወረፋ ይዤ ብርዱ ሲብስብኝ፣ የከሰል ምድጃ ጋቢና አስገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ።”

“ከሰል እኮ ይገድላል፣ ልጄ።”

“ጭስ ከሌለው ምን ያደርገኛል ብዬ ነዋ፣ እማማ። ራሴን ሲያመኝ እንኳ ድካም መስሎኝ ነበር። በኋላ ለበዓል ገዝቼ ጋቢና አጠገቤ ያስቀመጥኩት ዶሮ ክንፉን ዘርግቶ ወደቀ።”

“አየህ፣ የከሰሉ መርዝ ነው።”

“እኔማ የታመመ መሰለኝ። ሳይታረድ ከሞተ አይበላም ብዬ፣ ዶሮውንና ቢላዬን ይዤ እየተንገዳገድኩ ወረድኩ። ነፋሱ ሲነካን እኔ አስመለሰኝ፣ እሱ ተነሥቶ ቆመ።”

“ብርዱንስ እንዴት ቻልከው?”

“ከዚያ ወዲህ ከሰሉን ውጭ እሞቅና፣ ጋቢና ስገባ ብርድ ልብስ እደርባለሁ።”

“ዶሮውን አረድከው?”

“ነፍሴን ያተረፈ ዶሮ እንዴት ይታረዳል? ታሪኩን ነግሬ ለባለቤቴ ሰጠኋት።”

“እሷስ?”

“አለቀሰች፣ ዶሮውን አቅፋ ሳመችው፤ ለበዓሉ ወጥ ሠራችው።”

“አንተም በላህ?”

“አንድ እግሩን ብቻ፣ እማማ።”

እኔ፣ ላንድሮቨሯ ውስጥ ከሰል ባይኖርም፣ የውጭውን ብርድ ችዬ፣ አጠገቤ ያለውን መስኮት ቀስ አድርጌ ከፈት አደረግሁት።