ፎቶው ላይ ያልወጣው ሀቢቡ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አላምንም የሚል እንደማይጠፋ ስለማውቅ አስቀድሜ እምላለሁ፦ በርበሬ ነጋዴው አባባ ሸረፋ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት ሰው፣ ስለ ጋላክሲ ተከራክረው ተረቱ።

ለዓረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከእንሴኖ ወደ ቡታጅራ ሲመጡ ባጃጁ መንገድ ላይ ቤንዚን ጨረሰ። ሹፌሩ ባዶ ሃይላንድ አንጠልጥሎ ሲሄድ፣ አባባ ሸረፋ ከማያውቋት አንዲት የፊዚክስ አስተማሪ ጋር ቀሩ። ማዕዶት ትባላለች፤ ከጎንደር ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ለተማሪዎቿ ያሳተመችውን ትልቅ ፎቶ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«ጥቁር ሻሽ ላይ ጤፍ ደፍተሽ ነው ያነሳሽው?» አሏት።

«ጋላክሲዎች ናቸው አባባ። እያንዳንዷ ፍሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ኮከብ አላት። በመቶ የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች የተሰባሰቡበት መንደር ነው።»

«መርካቶ በይኛ።»

ይህን ብለው ስለ ልጆቻቸው ያወሯት ጀመር። መርካቶ ውስጥ ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቁ አብዱልሃፊዝ በየዓረፋው ሰንጋ ገዝቶ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ልብስ ጭኖ ይገባል። ትንሹ ሀቢቡ ግን ብቅ ካላለ ስድስት ዓመቱ። አባትየው በአረማመድ እሱን የሚመስል ወጣት ካዩ ገበያቸውን ጥለው ይከተላሉ፤ አንዴ እንዲያውም አንዱን ተከትለው አረቅጥ ከተማ ድረስ ሄደዋል።

«አንድ እናት፣ አንድ ጡት» አሉ። «አንዱ ጅምላ አከፋፋይ ሆነ። አንዱ ጆንያ ሲሸከም ይውላል አሉ። ስንፍና ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ቦታውንም ይጠይቁ እንጂ፣ አባባ። መሀል ያለችው ይቺ ግዙፍ ጎረቤቶቿን እየዋጠች ነው የደመቀችው። ከውጭ የምትገባዋን ደግሞ መንደሩን የሞላው የጋለ ጋዝ ይገጥማታል፤ ኮከብ የምትሠራበትን የራሷን ጋዝ ገፎ ይወስድባታል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ኮከብ አትወልድም፤ እየደበዘዘች ትሄዳለች። ውጭ ብትቀር ያን ያህል አትራቆትም ነበር።»

«እና ልጄን ጋዝ ገፈፈው ነው የምትዪኝ?»

«የቤት ኪራይ ገፎት ይሆናል፤ እኔ በምን አውቃለሁ? ጋላክሲዋን ግን ሰነፍ አልላትም።»

ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ከፎቶው አልተነሳም። «የደበዘዙት ስንት ናቸው?»

«የሚበዙትስ እነሱ ናቸው። ደማቆቹ ጥቂት ናቸው። ግን ካሜራው ረጅም ጊዜ ካልጠበቃቸው ፎቶ ላይ አይወጡም። የቸኮለ ሰው የሉም ብሎ ይሄዳል።»

ሽማግሌው በልባቸው ለዓረፋ የሚገቡትን ቆጠሩ። ባለመኪና፣ ባለሰንጋ፣ ባለጨርቅ። ባዶ እጁን የመጣ አንድም ትዝ አላላቸውም። ከዚያ አንድ ትዝ አላቸው፤ የጎረቤታቸው የሙሀመድአወል ልጅ። «አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ አየር ይዘህ መጣህ?» ብለው መንደሩን ያሳቁበት እሳቸው ነበሩ። ይህንኑ ነገሯት።

«ሀቢቡ ያኔ ገና አልሄደም» አሉ ቀስ ብለው። «አጠገቤ ቆሞ ይስቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብሎ ይምጣ?»

«ልማዱ ነዋ፣ ልጄ። ከአገር ወጥቶ የመጣ ሰው እጁ ይታያል።»

«ልማዱ ይቅር አላልኩም። ያለው ይዞ ይምጣ። የሌለው ባዶ እጁን የሚገባበት በር ግን ይኑር። ሰንጋውንማ አብዱልሃፊዝ ያመጣው የለ? እርስዎ የናፈቁት ሰንጋ ነው?»

ስልካቸውን አውጥተው ሰጧት። መደወል ያለበት ልጅ ነው ብለው ስድስት ዓመት ያልነኩትን ቁጥር እሷ ፈልጋ ደወለችላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። እኔ ነኝ። ለዓረፋ ና። ምንም እንዳትይዝ፤ ወላሂ ይዘህ ከመጣህ አላስገባህም።»

ከወዲያ በኩል «እሺ፣ አባዬ» የሚል ድምፅ መጣ።

በማግስቱ አባባ ሸረፋ ከመስጊድ ሲወጡ ነገሩን ለጎረቤት ተናገሩ። የሙሀመድአወልን ልጅም በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ጎረቤታቸው ሃሊማም ለጠፋው ልጇ ደወለች። ሌሎችም ደወሉ። ስጦታ ቢቀር የተራቆተ ቤት የለም፤ ልጅ የቀረበት ቤት ግን ስንት እንደሆነ ያን ሳምንት ታወቀ። በበዓሉ ዋዜማ ሀቢቡ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ከአውቶቡስ ወረደ።

ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንዱን ብቻ ነው፤ ሀቢቡ ወረደ ያልኩትን። ዓረፋ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። አባባ ሸረፋ ግን ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ናቸው፤ ምሳቸውንም እዚያው ነው የበሉት።