አዳራሽ ውስጥ የተባለ «ይበል»

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ጥምጣም የጠመጠሙ የቅኔ መምህር ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ይዘዋል። አጠገባቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«የማን ነው የኔታ?»

«የልጄ። በእንግሊዝኛ አንደኛ ወጥታ ዛሬ ተሸለመች። ለእናቷ ላሳይ ይዤው እየሄድሁ ነው።»

«እሰይ! በቤት ማን አስተምሯት?»

«ማን ያውቃል ብለሽ! ከእናቷ አገውኛ፣ ከእኔ አማርኛ እየሰማች ነው ያደገች። እንግሊዝኛውን ራሷ አመጣችው።»

«ታዲያ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«አዋረድኋታ! መድረክ ላይ ቆማ እንግሊዝኛውን ስታንበለብለው፣ ቅኔ ቤት ያለሁ መሰለኝና ‹ይበል!› ብዬ ጮህሁ።»

«ገብቶዎት ነው?»

«አንዲት ቃል አልገባኝም። ብቻ አንደበቷ አልተደናቀፈም።»

«ከዚያስ?»

«አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መምህራኑ ሳይቀሩ።»

«እሷስ?»

«እኛ ዘንድ ‹ይበል› የተባለ ተማሪ ቃሉን ይደግማል። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና፣ ወደ እኔ እጅ ነስታ ያንኑ ንግግር ከመጀመሪያው ደገመችው።»

«ታዲያ መች አዋረዷት? ሰው ሁሉ ፊት አከበረችዎት እንጂ!»

«እንዲያ ይመስልሻል?» አሉና የፍሬሙን መስታወት በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት።

ከሳቁት መምህራን አንዱ እኔ ነበርሁና፣ ቡሬ እስክንገባ ፊቴን ከመስኮቱ አላዞርሁም።