የጋሽ ታደሰ ስም

ሲያትል ማዶ፣ ቤልቪው፣ አንድ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ ለመመረቂያዬ ጥናት እሠራ ነበር። የተለያዩ ባለሙያዎች የሕንፃ ፕላን እርስ በርሱ ሲጋጭ ማን ማንን እንደሚጠይቅ፣ ሰውን በክብ፣ ጥያቄውን በመስመር አድርጌ እስላለሁ። መስመሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ፕላን አታሚው ጋሽ ታደሰ ላይ ሆነ። አገር ቤት መሐንዲስ ነበሩ፤ ፕላኑ ላይ ቧንቧ ምሰሶ መሀል ሲገባ ካዩ ሳያትሙ ሄደው ለቧንቧውም ለምሰሶውም ባለሙያ ይነግራሉ። “የእኔን ስም ተወው ልጄ” አሉኝ። የኛ ትልቅ ሰው እምቢታ መቼ እምቢታ ሆኖ ያውቃል? እድገት ያገኛሉ ብዬ ስማቸውን በትልቁ ጻፍኩት።

የቢሮው አለቃ ጥናቴን አየና፣ “ሶ፣ ሥራችን ሁሉ አንድ አታሚ እጅ ላይ ነው?” አለ። በሳምንቱ ኅትመቱን ከቢሮው ውጭ ላለ ድርጅት ሰጥቶ አሰናበታቸው። ካርቶናቸውን ይዘው በካፊያ አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

“ተው ስልህ እኮ የምሬን ነበር” አሉኝ።