ወይዘሮ ጥሩሐረግ ምሳው ያልደበቁት ሕመም

አባቶቻችን ካህናት፣ ከጽጽቃም ከሰቆጣ ዙሪያም በእግራችሁ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ የሰፈራችን ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች፣ አምላክ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን የማነብላችሁ የሟቿ ሁለተኛ ልጅ ይታየሽ ተስፋው ነኝ። ወንድሜ ብዙነህ «ቄሰ ገበዙ ያንብቡት» ብሎ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ትሰሙታላችሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁምና ቃል ቢሰነካከልብኝ የእኔ ጥፋት እንጂ የእሳቸው አይደለም።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ምሳው ከአባታቸው ከአቶ ምሳው ካሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃን ዓለሙ በ1945 ዓ.ም. ከጽጽቃ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር ተወልደው፣ የቤቱ የበኩር ልጅ በመሆናቸው ገና በልጅነታቸው ታናናሾቻቸውን አዝለው፣ ከአገውኛችን ከኽምጥኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ሳይሰሙ፣ የተማሪ ቤት ደጅም ሳያዩ አደጉ። በ1962 ዓ.ም. ከአቶ ተስፋው ገበያው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደው አንዱን በሕፃንነቱ ቀብረው፣ ሁለታችንን በማሳደግ ላይ ሳሉ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ደረሰ። አባታችን በዚያው ዓመት ታመው ሲያርፉ፣ እናታችን እኔን አዝለው፣ የአሥር ዓመቱን ብዙነህን እጁን ይዘው፣ በእግራቸው ሰቆጣ ገቡ። መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ብንጠይቃቸው «እግሬ እንጂ እኔ አልቆጠርኩም» እያሉ ያልፉት ነበር።

ሰቆጣ እንደ ገቡ እርከን ሥራ ላይ ተቀጠሩ። ከከተማው በላይ ያለውን ተረተር ስትወጡ የምታዩት የድንጋይ እርከን፣ ብዙው በእሳቸው እጅ የተደረደረ ነው። ድንጋይ ከማስቀመጣቸው በፊት በሌላ ድንጋይ ኳ አድርገው ድምፁን ይሰሙ ነበር፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ወዲያ ይወረውሩታል። የእሳቸው እርከን ወደ አርባ ክረምት አልፎበት ዛሬም ቆሟል። ኋላም ከቤታቸው ጓሮ ጌሾ ተክለው ቅጠሉን ገበያ እያወጡ ሁለታችንን አሳደጉ። ሁለታችንን ማስተማር ስላልቻሉ ብዙነህ ተማሪ ቤት ገባ፣ እኔ እንስራ ተሸከምኩ። ይህን ሲያስቡት ሳይቆረቁራቸው አልቀረም፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓሲያ በሱቃቸው ስኳርና አብሽ የሚጠቀልሉበትን የአሮጌ መጽሐፍ ቅዳጅ እየለመኑ፣ በመዳፋቸው ዳምጠው ያመጡልኝ ነበር። ከብዙነህ ደብተር ሰርቄ የቆጠርኩት ፊደል በዚያ ቅዳጅ በረታ። ምላሴም አብሮት በረታ፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው።

እናታችን የገበያ አማርኛ ያውቁ ነበር። ነገር ግን በእናት ቋንቋቸው «አንተ»ና «አንቺ» ስለማይለያዩ፣ ቄሱንም ነጋዴውንም ወታደሩንም «አንቺ» ይሉ ነበር። የቤት ቦታ ጉዳይ ገጥሟቸው ቀበሌ በቀረቡ ጊዜ ሊቀ መንበሩን በሰው ሁሉ ፊት «አንቺ ጌታዬ፣ ፍረጂልኝ» አሏቸው። ሊቀ መንበሩም «እትዬ ጥሩሐረግ፣ እንግዲያ ቀሚስ ልልበስ?» ቢሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አልሳቅኩም፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ሁለተኛ ሰው ፊት አማርኛ እንዳይናገሩብኝ» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝና «እሺ። እንግዲህ አፌ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል፣ በቀበሌም፣ በፍርድ ቤትም፣ በሠርግ ሽምግልናም ሳይቀር፣ እሳቸው በኽምጥኛ ይሉኛል፣ እኔ በአማርኛ እናገርላቸዋለሁ። ወይዘሮ ዓሲያ ባዩኝ ቁጥር «አፈ ንጉሧ መጣች!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም ሹመቱን ወደድኩት። ሲሉኝ እያሳጠርኩ፣ እያሳመርኩ፣ ያልወደድኩትን እየዘለልኩ እንደ ነበር ዛሬ አልክድም።

በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ከዋጉ ዝቋላ የተፈናቀሉ ዘጠኝ ነፍስ በአንድ ክፍል ቤታቸው አስጠግተው፣ ያለቻቸውን አካፍለው፣ ራሳቸው ደጃፍ ላይ ሲተኙ አይታችኋል። ያንን ከእኔ ይልቅ እዚህ የቆማችሁት እናንተ ትመሰክራላችሁ።

አሁን ወደ ሕመማቸው ልምጣ። ከትናንት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ «ጥሩሐረግ እኮ በሽታዋን ደብቃ ነው የሞተች» ሲባል ሰምቻለሁ። ቄሰ ገበዙ እንዳያነቡት የከለከልኩት ለዚህ ነው። እናቴ አልደበቁም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ የወር አበባቸው ከቆመ ከብዙ ዘመን በኋላ ደም እየፈሰሳቸው እንደሆነ ለእኔ በኽምጥኛ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ወደ አንድ ጤና ጣቢያም ይዣቸው ሄድኩ። ያስተናገደን ባለሙያ ከልጄ ጋር የተማረ፣ ቤቴ የበላ ልጅ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ተረኛው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። እሳቸው ሁሉንም በኽምጥኛ ተናገሩ፤ ልጁም ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ፣ እትዬ ይታየሽ?» አለኝ። እኔ፣ ለሰው ሁሉ መልስ የማላጣው ሴትዮ፣ «ወገባቸውን ነው የሚያማቸው» አልኩ። ልጁ የተነገረውን አክሞ የወገብ ኪኒን ሰጠ። እኔም በሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ሌላውን ቀን እየገፋሁ ስምንት ወር አሳለፍኩ። እሳቸው ያንን ኪኒን ሳያጉረመርሙ ዋጡ።

በሰኔ ወር ወይዘሮ ዓሲያ መክሳታቸውን አይተው፣ እኔን ሳይጠሩ በባጃጅ ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። እዚያ አፈ ንጉሥ አልነበረም። እናቴ በዚያ እኔ ባፈርኩበት አማርኛቸው ዶክተሩን «አንቺ ልጄ፣ ደም ይፈሰኛል፤ ስምንት ወር ሆነኝ» አሉት። ወይዘሮ ዓሲያ እንደ ነገሩኝ ዶክተሩ አልሳቀም። አስተርጓሚም አልፈለገም። ሁሉም ገባው። በዚያው ሳምንት ወደ ደሴ ተላኩ፤ የማኅፀን ካንሰር መሆኑና መሰራጨቱ ተነገረን። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄ፣ «እሱን አሁን ማወቅ አይቻልም» ተባልኩ።

ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ጉልበታቸው ሥር ወድቄ የሠራሁትን ልነግራቸው ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «ልጄ፣ ወገብ የሚለውን ቃል እኮ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ «ደጁ ላይ ሰው ነበር፤ አንቺን ላዋርድሽ?» አሉኝ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወይዘሮ ጥሩሐረግ የደበቁት ነገር ካለ የልጃቸውን ሐፍረት ነው። ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ያልኩት፣ ከእንግዲህ እንዳይደብቁልኝ ብዬ ነው። ሴቶችም ስሙኝ፤ እናቶቻችሁ የሚሉትን እንዳለ ተናገሩላቸው። ካፈራችሁ ደግሞ ከበሩ ውጡና ራሳቸው ይናገሩ።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ምሳው በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ትናንት ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። የሁለት ልጆች እናት፣ የሰባት ልጆች አያት፣ በዚህ ዓመት የተወለደችውም የሕፃን ጥሩሐረግ ቅድመ አያት ነበሩ። የሚያለቅሱላቸው ልጆቻቸው ብዙነህና ይታየሽ፣ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሙሉሰው ምሳው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እህት የሆኗቸው ወይዘሮ ዓሲያ፣ ያስጠጓቸው የዝቋላ ዘመዶችና ያ በላይ የቆመው እርከን ናቸው።

ከእንግዲህ የእሳቸው አፍ አይደለሁም፤ ወዳሉበትም አስተርጓሚ አይገባም። እንደ ልማዳቸው «አንቺ ጌታዬ» ብለው ቢጠሩትም የማይስቅባቸው አምላክ፣ የሚሉትን ከራሳቸው አንደበት ሰምቶ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።